ክንፍ ያለው ፊት

አባቴ ፊቱን የሚለማመደው መኪና ውስጥ ነበር። ከሚሠራበት ከቫን ናይስ ተነስተን፣ ተራራውን በፍሪዌይ አቋርጠን፣ ከፌርፋክስ ጀርባ ባለችው የሰፈራችን መንገድ ላይ ዳትሰኗን ካቆመ በኋላ የኋላ ማሳያውን መስተዋት ወደ ራሱ ያዞራል። መጀመሪያ ቅንድቡ ላይ የቀረውን የድንጋይ ብናኝ በመሐረብ ይጠርጋል። ከዚያ ፈገግ ይላል። ያጠፋዋል። እንደገና ፈገግ ይላል፣ አሁን ትንሽ ሰፋ አድርጎ። የወደደው ሲመጣለት መስተዋቱን ወደ ቦታው ይመልስና «በይ ውረጂ ወሰን፣ እናትሽ ብቻዋን ናት» ይለኛል።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1986 ክረምት ላይ። አባቴ ነጋሽ በእጁ ነክቶኝ የማያውቅ ሰው ነው። እሱን መፍራት የጀመርኩት ግን ያን ሰሞን ነው። ፊቱን ከመስተዋት መርጦ የሚለብስ ሰው ሌላ ምን እንደሚያደርግ በምን ይታወቃል?

እናቴ ለተማርያም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል፤ ስለዚህ ሐኪሟ ሥራዋን አስተዋትና ተኝታ እንድትውል አዘዛት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በግራ ጎኗ ተጋድማ፣ ልጁ አሥር ጊዜ እስኪራገጥ መቁጠርም ነበረባት። እኔ ቤት ከዋልኩ ለእኔ ስትል መነሳቷ ስለማይቀር፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት አባቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ይዞኝ ይሄዳል።

እናቴ ተኝታ የምትጠብቀው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ሆዷ ውስጥ ያለው ነው፤ ሌላው ታናሽ ወንድሟ ጳውሎስ፣ ካርቱም ተቀምጦ የአሜሪካ ቪዛ የሚጠብቀው። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ አራት፣ እሱ አራት ዓመታቸው ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከእሱ ሌላ በሕይወት ያለ ዘመድ አልነበራትም። የሚተኛበትን ፍራሽ ገዝታለች፤ በቅናሽ ያገኘችውን ሰማያዊ ጃኬት በየሳምንቱ ከቁም ሳጥን እያወጣች ታየዋለች። «ትከሻው ይበቃው ይሆን?» ትለኛለች፣ አይቼው የማላውቀውን ሰው ትከሻ።

አባቴ የሚሠራው ከጎማ ጥገና ቤት ጎን ባለ የመቃብር ድንጋይ መሥሪያ ግቢ ነው። ባለቤቱ ሚስተር ፔል የሚባል እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው፤ አባቱም አያቱም በአገሩ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ። እሱ እዚህ መጥቶ በማሽን የተቆረጠ ግራናይት ሲሸጥ ኖረ፤ ማሽኑን ግን አጥብቆ ይንቀዋል። አዲስ አበባ ማኅተምና የሱቅ ሰሌዳ ይቀርጽ የነበረውን አባቴን ሲያገኘው እንደ ልጁ ያዘው፤ ፊደልን በመሮና በመዶሻ ድንጋይ ላይ ማውጣት አስተማረው። እጁ እንዲፈታ ብሎም ከአልበሙ ሥዕል እየመረጠ ያስገለብጠው ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ያንን አልበም ለእኔ ይሰጠኛል። ውስጡ ያለው በወጣትነቱ ያነሳው፣ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ረጅም ሣር ውስጥ የተቀመጡ ትላልቅ የድንጋይ ሣጥኖች፣ ቀለማቸው ማር የመሰለ። ጎናቸው ላይ የፍሬ ዘለላ፣ የአሸዋ ሰዓት፣ የራስ ቅል፣ የተጠቀለለ መጋረጃ ተቀርጿል። ሁለት መቶ ዓመት ዝናብ የወረደባቸው ስሞች ግማሹ ጠፍተዋል።

«ሰዎቹ ሣጥኑ ውስጥ ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«አይደሉም። ከሥሩ፣ አፈሩ ውስጥ ናቸው። ሣጥኑ ባዶ ነው። እሱ የተሠራው ከላይ ለቀረው ሰው ነው።»

አንድ ገጽ ላይ ግን እጄ ሁልጊዜ ይቆማል። ትንሽ መቃብር ናት። ራስጌዋ ላይ ሦስት ፊቶች ተደርድረዋል፤ ጉንጫቸው የሞላ፣ አካል የሌላቸው፣ ከአገጫቸው ሥር ግራና ቀኝ ክንፍ የወጣላቸው። ሚስተር ፔል በወፍራም ጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ። «የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሦስቱም እግር ሳያወጡ ነው የሞቱት። ለእያንዳንዳቸው አንድ ፊት።»

ያን ዕለት ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር። ፊቱ የማንኛውም ሰው ነፍስ ምልክት መሆኑን፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ መቃብር ላይም እንደሚቀረጽ ነግሮኛል። ዛሬ ሳስበው ድምፁ ሳይቀር ይሰማኛል። ያኔ ግን የያዝኩት የሞቱትን ሕፃናት ብቻ ነው። ልጅ ከተነገረው ውስጥ የሚያስፈራውን መርጦ ያስቀራል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ተወዳዳሪ አልነበረኝም።

ጁላይ መጨረሻ ላይ ከሥራ ስንመለስ አባቴ ደረጃውን አልወጣም። ከእኛ በታች ያለውን የእትዬ ኸይሪያን በር አንኳኳ። እትዬ ኸይሪያ የወሎ ሴት ናት፤ ለእናቴ ሾርባና ገንፎ የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ውስጥ የአባቴ ወዳጅ ጋሼ መኩሪያ ተቀምጠዋል። ጋሼ መኩሪያ በሥራ ሰዓት ታክሲያቸውን ጥለው የትም የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ለእኔ ቴሌቪዥን ከፈቱልኝና ወጥ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

የቤታችን እንግዶች ጆሮ ጠቢ ይሉኝ ነበር፤ በከንቱ አላሙኝም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀስ ብዬ ቀነስኩ።

«አንድ ሳምንት ሆነው እኮ» አሉ ጋሼ መኩሪያ። «ይኼ ነገር ከእሷ ተደብቆ የሚዘልቅ ይመስልሃል?»

«እስክትገላገል ብቻ፣ ጋሼ» አለ አባቴ። «ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ፤ ድንጋጤ ከነካት ሁሉም ነገር ሊበላሽ ይችላል ነው ያለኝ። ስለዚህ እባክዎ፣ ለሚያውቋቸው ሁሉ ይንገሩልኝ። ማንም እንዳይደውል። ማንም።»

«እኔ ፊቷን ማየት አቅቶኛል!» እትዬ ኸይሪያ እያለቀሰች ነበር። «ትናንት ምግብ ላደርስላት ብወጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ያ አላህ! እሱ ምስኪን፣ ምኑንም ሳያይ! እሷ ምንም ሳታውቅ!»

«በይ፣ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም» አሉ ጋሼ መኩሪያ። «ትገላገል፤ ከዚያ ሁላችንም ተሰብስበን እንነግራታለን።»

ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ድመት አይጥ ያባርራል። እኔ የሰማሁትን በልቤ ደገምኩት። እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ምንም ሳታውቅ። እሱ ምኑንም ሳያይ። እስክትገላገል አይነገራትም። አማርኛዬ ያን ያህል የጠነከረ ባይሆንም ይኼ አላቃተኝም፤ ወንድሜ እናቴ ሆድ ውስጥ ሞቷል፤ ዶክተሩና አባቴ ያውቃሉ።

እርግጠኛ የሆንኩት በሁለተኛው ቀን ነው። አባቴ ከሚስተር ፔል ጋር ድንጋይ ሊጭን ሲወጣ፣ የሥራ ጠረጴዛው ጥግ ላይ በጆንያ የተሸፈነ ነገር አየሁ። ገለጥኩት። የክንዴን ያህል ቁመት ያለው ነጣ ያለ ድንጋይ ነው። ከላዩ አንድ ፊት ተቀርጿል፤ ጉንጩ የሞላ፣ ከአገጩ ሥር ክንፍ የወጣለት። ከፊቱ ሥር የአማርኛ ፊደል በእርሳስ ተነድፎ ግማሹ በመሮ ወጥቷል። ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና ማንበብ አልቻልኩም። ግን በዚያ ግቢ ለማን ነው በአማርኛ የሚጻፈው? ጆንያውን መልሼ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ፤ ብናኙ አልለቅ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰው መምጣት አቆመ። በፊት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳሎኑ ይሞላ ነበር። አሁን አንዱ መኪናው ተበላሽታለች፣ ሌላው ሺፍት ተቀይሮበታል። «ሰው ሁሉ ምን ነካው?» ትላለች እናቴ። አባቴ በልምምድ ያመጣውን ፈገግታ ያሳያትና «ሙቀቱ ነው» ይላታል። እኔ በየቀኑ ከሥራ ስንገባ «ስንት ሆነ?» እላታለሁ። «አሥር ሞልቷል» ትለኛለች። አላምናትም። አሳዝናኛለች፤ የሞተ ልጅ ሲራገጥ የምትቆጥር እናት ናት እኮ። እህል ከአፌ አልወርድ አለኝ፤ ከስቼ ጉልበቴ ጎልቶ ወጣ።

ኦገስት ውስጥ አንድ ቅዳሜ አባቴ ብቻውን ወደ ሥራ ሄደ፤ እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እናቴ ሶፋው ላይ ተጋድማ መቁጠር ጀመረች። «አንድ» አለች። ቆይታ «ሁለት»። «ሦስት» ስትል ድምጿ ሳሳ፤ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሆዷን አያለሁ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሆዷ አልተንቀሳቀሰም። እጄን አሳረፍኩበት። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ከቬንትሌተሩ ድምፅ በቀር ምንም የለም። መቻል አቃተኝ።

«እማዬ! ተነሺ! ሞቷል!»

ደንግጣ ተቀመጠች። «ማን? ማን ነው የሞተው?»

«ሕፃኑ! ሁሉም ያውቃሉ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው! እስክትወልጂ እንዳይነገርሽ ተባብለዋል፣ እትዬ ኸይሪያ ቤት። አባዬ ድንጋዩን እየሠራለት ነው። አይቼዋለሁ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ጣለች። «ወተት አምጪልኝ» አለች፣ «ቀዝቃዛ። ስኳር ጨምሪበት።» ሮጬ አመጣሁ፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ በግራ ጎኗ ተኛችና የእጄን አንጓ ይዛ ሆዷ ላይ አጣበቀችው። እስኪያመኝ ጨመቀችኝ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ መዳፌ ሥር ጓ አደረገ፣ ተረከዝ ይሁን ክርን።

«አራት!» አለች እናቴ፤ እንባዋና ሳቋ አብሮ መጣ። «ይኸው! ይኼ ነው የሞተው? ይኼ በጥባጭ?»

እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም ተያይዘን ሳቅን። ከሁለት ሳምንት በኋላ መተንፈስ የቻልኩ መሰለኝ። መጀመሪያ ሳቋን ያቆመችው እሷ ናት።

«ቆይ» አለች። «ድንጋይ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። ክንፍ ያለው የሕፃን ፊት አለው።»

«ሌላስ?»

«ጽሑፍ። በአማርኛ።»

«በአማርኛ» አለች፤ ቃሉን ለብቻው። «ኸይሪያ ቤት ማን ነበረ?»

«ጋሼ መኩሪያ። እትዬ ኸይሪያ ታለቅስ ነበር።»

«ቀን ነበር?»

«አዎ፣ ከሥራ ስንመለስ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ቧንቧው ተከፈተ፣ በኃይል፤ ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። የፈሰሰውን ወተት እየወለወልኩ፣ ፊቷን ስትታጠብ ይኼን ሁሉ ውኃ ምን ያደርግላታል ብዬ አሰብኩ። ስትወጣ የፀጉሯ ዳር ረጥቧል፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሳሙና ገብቶበት መሰለኝ።

«ወሰን፣ ነግሬያታለሁ እንዳትዪው ለአባትሽ። ለኸይሪያም። ለማንም።»

«ለምን?»

«ይደነግጣል።»

እንደገና በግራ ጎኗ ተጋደመች። «ስንት ላይ ነበርን?» አለችኝ። «አራት» አልኳት። በጣም ቆየችና «አምስት» አለች።

ጳውሎስ ካርቱም ውስጥ በወባ ከሞተ ያን ቀን ወሩ ሊሞላ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የቀበሩት ጓደኞቹ መቃብሩ ላይ ያስቀመጡለት ምንም ነገር አልነበረም። ለዚህ ነው አባቴ፣ እናቴ ስትሰማ እጇን የምታሳርፍበት ነገር እንዲኖራት ብሎ ከምሳ ሰዓቱ እየቀነሰ ያንን ድንጋይ የጠረበው። ፊቱን ሕፃን ያስመሰለው ገና ያልተፈታ እጁ ነው። ከሚስተር ፔል አልበም ውስጥ መገልበጥ የሚችለው ያንን ብቻ ነበር፤ ጢም ያለው ጎልማሳ ለመቅረጽ ገና ተማሪ ነበር።

እኔ ግን ይኼን ሁሉ አላወቅሁም። ወንድሜ ተራግጧል፤ እናቴ ስቃለች፤ ስለዚህ ነገሩ ሐሰት ነበር፤ ድንጋዩም የሌላ ሰው ይሆናል። እንደ ልቤ መብላት ጀመርኩ። አባቴ በየማታው ወሬ ይዞ ይገባል።

«ጳውሎስ ደወለ?» ትለዋለች እናቴ እራት ላይ።

«መስመሩ ተበላሽቷል አሉ። ቪዛውም በቅርቡ ነው፣ ኦኬ? አንቺ ብቻ አታስቢ።»

«እሺ። ሲደውል ጃኬት ገዝታልሃለች በለው።»

አባቴ «እለዋለሁ» ይላል፤ ከዚያ ቆሻሻ ልጣል ብሎ ይወጣል። ባዶ ከረጢት ይዞ የወጣበት ቀን ነበር። እሷ ዓይኗን ሰሃኑ ላይ አድርጋ ትቀራለች። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ ታሳርፋለች።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ጠየቅኋት። ለምን ዝም እንዳለች፣ ለምን ጭራሽ የጃኬት ወሬ እንደምትጨምር። ጥያቄዬ ሞኝነት መሰላት። «መርዶ ካልተነገረ ለቅሶ የለማ!» አለችኝ። «ማወቄን ካወቁ ይመጣሉ። ከመጡ አለቅሳለሁ። እኔ ደግሞ ለጳውሎስ ካለቀስኩ መቆሚያ የለኝም፤ ልጄን አጣለሁ። አባትሽም ያን ሁሉ የለፋው ለእኔ ብሎ ነው፤ አውቄብሃለሁ ብዬ እንዴት ላሳፍረው?»

አባቴ እስካሁን አያውቅም። ሰው ሲሰበሰብ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ምስጢር እንዴት እንደጠበቀ ያወራል፤ ይኮራበታል። እናቴ በሕይወት ሳለች አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማውና «አንተማ ትችልበታለህ» ትለው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ላይችል አይሰጠውም የሚሉት ትዝ ይለኛል፤ ለማን እንደተሰጠ ግን ሁልጊዜ አይታወቅም።

ወንድሜ በሴፕቴምበር ተወለደ፤ ሙሉ ቀኑን ጨርሶ፣ እየጮኸ። በአርባ ቀኑ ተጠመቀ። የተከተለው ቅዳሜ ገና ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። እኔ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰዎች ጫማቸውን ሳያሰሙ እየገቡ ነው፤ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት መሬት ያያሉ። ለሦስት ወር ያልታየ ሰው ሁሉ መጥቷል። እትዬ ኸይሪያ እናቴን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ብትወድቅ ልትይዛት በሁለት እጇ አቀፈቻት። አንዲት ሴት ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰደችው። አባቴ ከፊቷ ተንበርክኳል። የዚያን ጠዋት ምንም ፊት አልተለማመደም ነበር።

«ለተማርያም» አሉ ጋሼ መኩሪያ። «እግዚአብሔር የሰጠውን እሱ ይወስደዋል። በርቺ ልጄ። ጳውሎስ ዐርፏል።»

ጩኸቱ ከሴቶቹ ተነሳ። ያኔ ነው የገባኝ፤ በቆምኩበት ቀረሁ። ድንጋዩ፣ አማርኛው፣ ቧንቧው። እናቴ ግን ዝም አለች። እጇ ጭኗ ላይ ነው። አንድ ጠብታ አልወጣትም። ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቋርጠው ያዩዋት ጀመር።

«ደርቃለች! ኧረ ውኃ አምጡ!» አለች እትዬ ኸይሪያ። «አልቅሺ እህቴ፣ አልቅሺ፣ ይወጣልሽ!»

«ለቱ» አለ አባቴ ጉልበቷን ይዞ፤ «ለቱዬ፣ ደበቅሁሽ። ይቅር በዪኝ።»

ራሱን ዳበሰችው። ከዚያ ዓይኗ በሰዎቹ እግር መሃል ሄዶ ሄዶ እኔን አገኘኝ። አስቀድማ ማወቋን እንዳልናገርባት የምትፈራ መሰለኝ፤ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እጇን ዘረጋችልኝ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ስደርስ ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝና አፏን ጆሮዬ ውስጥ አድርጋ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ነይ ወሰን፣ በይ አሁን እንደልባችን እናልቅስ» አለችኝ።

ጳውሎስን አላውቀውም ነበር። እሷ ስላለችኝ ብቻ አለቀስኩ፤ እሷም ያኔ፣ ትከሻዬን ነክሳ፣ ለቀቀችው። «እንደልባችን» ስትል ለምን እኔን እንደጨመረችኝ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ሁለት ወር ሙሉ የደበቀችውን ሐዘን፣ ሳያውቅም ቢሆን፣ አብሯት የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበራት፤ እኔ። እኔ ደግሞ ስቄ፣ በልቼ፣ ተኝቼ ከረምኩ።